የዓይን ሞራን በሌዘር ማስወጣት ምን ያህል አስተማማኝ ነው?



በአዲሱ ገበያ በእህል ንግድ የሚተዳደሩ፥ እኔም በጸሓፊነት የማገለግላቸው አንድ አዛውንት ነጋዴ፥ ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው ሲሄድ ሁለት ዓመት ያህል ደብቀው ኖሩ። ቼክ ሲፈርሙ መስመሩን ይስታሉ፤ የብር ኖቱን በመዳሰስ ይለያሉ፤ ደረሰኙንም እኔ አነብላቸዋለሁ። «ጋሼ፥ እባክዎ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ብዬ ስለምናቸው፥ «በውጭ አገር በሌዘር የሚሠራ አለ ይባላል፤ እኔ ዓይኔን ምላጭ አላስነካም፤ ገንዘቡ እስኪሟላ እታገሣለሁ» ይሉ ነበር። ይህ አሳብ በብዙ ነጋዴዎች ዘንድ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ሐኪሞች ስለ ጉዳዩ ከጻፉት ያገኘሁትን አቅርቤዋለሁ። የውጭ አገሩ ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሞራ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ከዓይን ብሌን በስተኋላ በስስ ከረጢት የታቀፈ፥ እንደ መስተዋት የጠራ ትንሽ ሌንስ አለ። በዕድሜ፥ በስኳር በሽታ ወይም በአደጋ ምክንያት ይህ ሌንስ ሲደፈርስ ብርሃን አላሳልፍ ይላል። ስለዚህ ሞራ ስሙ እንደሚያስመስለው ከዓይን ላይ የሚገፈፍ ስብ አይደለም። በጠብታም አይጠፋም፤ መድኃኒቱ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። ይህንንም በ1949 መጀመሪያ የፈጸሙት እንግሊዛዊው ሐኪም ሐሮልድ ሪድሊ ናቸው። በአገራችን በ1998 ዓ. ም. ገደማ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፥ የግማሾቹ ዕውርነት ምክንያት ይኸው ሞራ ነበር።

ሌንሱን ለማውጣት ዛሬ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው በእጅ የሚሠራው ነው፤ ሐኪሙ በዓይኑ ነጭ ክፍል ጠባብ መተላለፊያ ከፍቶ ሌንሱን ያወጣል፤ መተላለፊያውም ራሱን ስለሚዘጋ ብዙ ጊዜ ስፌት አያሻውም። ሁለተኛውን አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ኬልማን በ1967 ጀመሩት፤ በአልትራሳውንድ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን መርፌ ሌንሱን አድቅቆ ይመጠዋል። ሦስተኛው በ2008 በቡዳፔስት ከተማ በሰው ዓይን ላይ የተጀመረው ፌምቶሰከንድ የተባለው ሌዘር ነው። ይህም እጅግ አጫጭር በሆኑ የብርሃን ምቶች መግቢያውን ይከፍታል፥ ከረጢቱን በክብ ይቈርጣል፥ ሌንሱንም ይከፋፍላል። ሆኖም ስብርባሪውን መጥጦ የሚያወጣውና አዲሱን ሌንስ የሚተክለው አሁንም ሐኪሙ በእጁ ነው። እንግዲህ በሌዘር ከሆነ ዓይንን መሣሪያ አይነካውም ማለት ስሕተት ነው።

ታዲያ ሌዘሩ አደገኛ ነውን? በታወቀ እጅ ሲሠራ አደገኛ አይደለም፤ ነገር ግን ከቀድሞው የበለጠ አስተማማኝ መሆኑ አልተረጋገጠም። በፈረንሣይ አገር 5 የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች 909 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፥ እኩሌታውን በሌዘር፥ እኩሌታውን በአልትራሳውንድ ብቻ አከሙ። በ2020 የታተመው ውጤት ሌዘሩ ብልጫ እንዳላሳየ፥ ወጪው ግን እንደ በዛ ገለጸ። በዚያው ዓመት የታተመው፥ 785 ሕሙማን የተካፈሉበት የእንግሊዝ አገር ጥናትም ከዚሁ ፍርድ ደረሰ። በነጋዴ ቋንቋ ብንናገረው፥ ዕቃው እንከን የለበትም፤ የተጨመረበት ዋጋ ግን ትርፍ አያመጣም።

ከዚህም በላይ ሌዘሩ ለሁሉም ዓይን አይስማማም። ጨረሩ በጠራ የዓይን ፊት በኩል ማለፍ ስላለበት፥ ትራኮማ ጠባሳ የተወበትን ዓይን አይመቸውም፤ ብሌኑ በጠብታ በደንብ የማይከፈትለት ሰውም እንደዚሁ ነው። ሞራው ነጭ ሆኖ ከበሰለ ደግሞ ብርሃኑ ዘልቆ ሌንሱን ለመከፋፈል ይሳነዋል። መሣሪያው ዓይኑን ስቦ ሲይዝም የዓይን ግፊት ለጊዜው ስለሚጨምር ግላኮማ ላለበት ሰው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በእጅ የሚሠራውን የሚንቁ ሰዎች የኔፓልን ምሳሌ ይመልከቱ። በ2007 በታተመው የ108 ሕሙማን ጥናት፥ ከ6 ወር በኋላ ያለ መነጽር ደኅና እይታ ያገኙት በአልትራሳውንድ ከታከሙት 85 ከመቶ፥ በእጅ ከታከሙት 89 ከመቶ ስለ ነበሩ፥ ሁለቱ መንገዶች እኩያ ናቸው ተባለ። ወጪው ግን ለፊተኛው 70 ዶላር፥ ለኋለኛው 15 ዶላር ያህል ነበር። የሌዘሩ መኪና ዋጋ በመቶ ሺሕ ዶላር የሚቈጠር ሲሆን፥ ለያንዳንዱ ዓይን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ዕቃም ይገዛለታል።

የሕክምናው ደኅንነት በዋናነት የሚገኘው ከሐኪሙ ልምድ፥ የሚተከለውን ሌንስ በትክክል ከመለካትና ከንጽሕና ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ጀርም ወደ ዓይን ውስጥ መግባቱ ነው። ለዚህም ዓይኑ ከሥራው በፊት በአዮዲን ይታጠባል። በሥራው መጨረሻ ፀረ ጀርም መድኃኒት በዓይን ውስጥ መስጠት ይህን አደጋ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚያወርደው በ2007 የታተመ የኤውሮጳ ጥናት አሳይቷል።

«ጎረቤቴ ግን በሌዘር ታክሞ በደቂቃ ወጣ» የሚል አይጠፋም። ያ ሌላ ሌዘር ነው። ከሕክምናው ወራት ወይም ዓመታት በኋላ የቀረው ከረጢት ሲደፈርስ፥ ያግ የተባለው ሌዘር ያለ ምላጭ ይከፍተዋል። ይህ ሞራውን ራሱን አያወጣም።

ወደ አሠሪዬ ልመለስ። ገንዘቡ ሳይሟላ፥ አንድ ሌሊት ቀኝ ዓይናቸው በብርቱ ሕመም ተያዘ፤ ያስመልሳቸውም ጀመር። ሐኪሙ እንዳስረዱን፥ ሞራው ከልክ በላይ በስሎ በማፍሰሱ የዓይኑ ግፊት ጨምሮ ነርቩን ጐድቶት ነበር። ሌንሱ ሲወጣ ሕመሙ ተወገደ፤ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም። ግራ ዓይናቸው እዚሁ ከተማችን በእጅ ተሠራ፤ በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ በኪሳቸው የነበረውን ደረሰኝ ራሳቸው አነበቡ። ቀኙን ያጠፋው ሌዘርም ምላጭም አይደለም፤ መዘግየቱ ነው።

ስለዚህ እይታው የደበዘዘበት ሁሉ ሳይውል ሳያድር ይመርመር። እዚሁ ጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፥ እንዲሁም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አላቸው። ሐኪሙንም፦ የእኔ ሞራ በየትኛው መንገድ ቢወጣ ይሻላል? እርስዎ በብዛት የሚሠሩት የትኛውን ነው? ሌላ የዓይን ሕመምስ አለብኝን? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሕክምናው በኋላ ሕመሙ ወይም ቅላቱ ከበረታ፥ ወይም እይታው በድንገት ከቀነሰ፥ ነገ ሳይሉ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪሙ መመለስ ያስፈልጋል።