ማሽኑ መጣ፤ የእጅ ባለሙያው ወዴት ይሂድ?

በአንድ የገበያ ቀን ነፋስ መውጫ ላይ አንድ አዛውንት ሸማኔ ሁለት ነጠላ ዘርግተው አገኘናቸው። አንዱን ራሳቸው ሸምነውታል፤ ሌላውን ከሱቅ የገዙት ነው፣ የማሽን ሥራ። «እስቲ ለዩልኝ፤ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ» አሉን። ዳሰስን፣ ገለበጥን፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገን አየን። ንጣቱ አንድ፣ ጥበቡ አንድ ሆነብን። በመጨረሻ የለየነው ዋጋውን ሲነግሩን ነው። የማሽኑ ነጠላ የተሸጠበት ገንዘብ እርሳቸው ለክር ብቻ ካወጡት ብዙም አይበልጥም ነበር። «ልጄ ‘እኔም ልሸምን’ ይለኛል። አስተምሬው ምን ሊበላ ነው?» አሉና ነጠላቸውን አጣጠፉ።

ውድ አንባብያን! የእኒህ አባት ጥያቄ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ምላሽ ለመፈለግ እንሞክራለን።

መወርወሪያው እንዴት እጃችን ገባ?

በጎንደር ምድር ሙስሊሙ ለረጅም ዘመን የርስት መሬት ባለቤት እንዳይሆን ተከልክሎ ኖሯል። ስለዚህ ኑሮው በንግድና በሽመና ላይ ተመሠረተ። አባት ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ድሩን ወጥሮ ከመሸመኛው ይቀመጣል፤ እናት ጥጡን ዳምጣ ትፈትላለች፤ ልጅ ቀሰም ይጠቀልላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሙስሊሙንም ባለመሬት አደረገ። ይሁን እንጂ ሽመና አልቀረም። ጉና ተራራ ሥር ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አገር ጋቢና ቡሉኮ የማይሻ ማን አለ?

ሙያው ግን ክብር አላገኘም ነበር። «ሸማኔ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ሲነገር ሰምተን አድገናል። ያንን ስድብ ችለው ልጆቻቸውን ያስተማሩ አባቶች ዛሬ ደግሞ ሙያው ራሱ ከእጃቸው ሲንሸራተት እያዩ ነው።

ማሽን ዛሬ አልጀመረም

መጀመሪያ ከባሕር ማዶ አቡጀዲ መጣ። በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣልያን በተገኘ የጦርነት ካሳ ተቋቋመ። የፋብሪካ ክር ገበያ ሲሞላ በመጀመሪያ የተጎዳችው ፈትላ አዳሪዋ ናት፤ ሸማኔው ድሩን ከሱቅ መግዛት ጀመረ። አሁን ደግሞ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን ጥበቡን ሳይቀር ቀድቶ ያወጣል።

የሚገርመው፣ ኮምፒዩተር ራሱ ከሸማኔ ቤት ዝምድና ያለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ጃካርድ በተበሳ ካርድ እየታዘዘ ጥለት የሚያወጣ መሸመኛ ሠራ። የተበሳ ካርድ በኋላ ለኮምፒዩተር ትእዛዝ መስጫ ሆኖ አገልግሏል። ከዚያም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1206 ኢስማኢል አልጀዘሪ የተባለው ሙስሊም መሐንዲስ በዲያርበክር ሆኖ በራሳቸው ስለሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎችና የውኃ ሰዓቶች ታላቅ መጽሐፍ ጽፎ ጨርሷል። ስለዚህ ማሽንን እንደ ባዕድ ነገር መፍራት አይገባንም።

መስበርም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. ከ1811 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የእጅ ባለሙያዎች ሌሊት እየወጡ ማሽን ሰባበሩ። መንግሥት በ1812 ማሽን የሰበረ በሞት ይቀጣ የሚል ሕግ አወጣ። ሰዎቹ ተቀጡ፤ ማሽኑ ቀረ።

ትርፉ ለማን፣ ኪሳራው በማን?

የወፍጮን ነገር እናስታውስ። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ እናቶቻችን ከድንጋይ ወፍጮ ተገላገሉ፤ ሴት ልጆችም ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ጊዜ አገኙ። አልሐምዱሊላህ፣ ይህን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ለሰው እየፈጨች ልጆቿን የምታሳድገው ፈጭታ አዳሪ እንጀራዋን አጣች። «አንቺስ ምን ሠርተሽ ትኖሪያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም። የማሽን ትርፍ ለብዙዎች ይደርሳል፤ ኪሳራው ግን በጥቂት ደካሞች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ፍትሕ የሚጠይቀው ትርፉን ያገኘነው እኛ ኪሳራ የደረሰበትን እንድናስብ ነው።

ዛሬም ተረኞች አሉ። ከእኛ አገር ደጋ ብዙ ወጣት ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ሲወርድ ኖሯል። የሰሊጥ አጨዳ እስካሁን በአብዛኛው በእጅ ነው፤ ሰሊጡ ሲደርስ ቋቱ እየተከፈተ ስለሚረግፍ ለማሽን ያስቸግራል። እርሻውን ግን ትራክተር ይዞታል፤ አረሙንም መድኃኒት መተካት ጀምሯል። ነገ አጨዳውንም የሚችል ማሽን ሲመጣ ያ ወጣት በእጁ ምን ሙያ ይዞ ይጠብቀዋል?

እንጀራ፣ መሣሪያና ጊዜ

ብዙዎቻችን «ይማሩ እንጂ!» ብለን እናልፋለን። ዛሬ ሠርቶ ዛሬ የሚበላ ሰው ግን ሦስት ወር ሥልጠና ላይ ቢቀመጥ ልጆቹን ማን ያበላለታል? ሥልጠና ጀምረው በሁለተኛው ሳምንት የሚያቋርጡትን ሁሉ ሰነፎች አድርገን ባናይ ጥሩ ነው።

በዚህ ረገድ አቡ ዳውድ የዘገቡትን ታሪክ እናስተውል። አንድ ድኻ ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። በቤቱ ያለውን ጠየቁት፤ አንድ ልብስና አንድ የውኃ መጠጫ ብቻ ነበረው። አስመጥተው በሁለት ድርሃም ሸጡለት። በአንዱ ድርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። እጀታውን በገዛ እጃቸው አስገቡለትና እንጨት እየቆረጠ እንዲሸጥ፣ አሥራ አምስት ቀንም ወደ እርሳቸው እንዳይመጣ ነገሩት። ሰውዬው አሥር ድርሃም አግኝቶ ተመለሰ።

ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል! መጀመሪያ የቤተሰቡ እንጀራ፣ ቀጥሎ መሣሪያ፣ ከዚያም ጊዜ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ከንቱ ይሆናሉ። ኢማሙ ነወዊን የመሰሉ የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንትም ለድኻ ባለሙያ የሙያ መሣሪያውን መግዣ ከዘካ መስጠት እንደሚቻል ጽፈዋል። እኛ ግን ዘካችንን በየሰዉ እጅ ጥቂት ጥቂት እየበተንን በዓመቱ ያው ሰው ተመልሶ እንዲመጣ እናደርጋለን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከሚያውቀው እንጀምር። ሸማኔ ባዶ እጁን የቆመ ሰው አይደለም። ክር ይቆጥራል፣ ልኬት ያውቃል፣ ቀለም ያዛምዳል። ስለዚህ ከጉድጓድ ወጥቶ በእንጨት ፍሬም ላይ የሚቆም፣ ሰፋ ያለ ጨርቅ የሚያወጣ የተሻሻለ መሸመኛ ቢያገኝ ቶሎ ይለምደዋል። ልብስ ስፌት፣ የማሽን ጥልፍና የማሽን ጥገናም ሩቅ አይሆኑበትም።

ሁለተኛ፣ እውቀቱ ወረቀት ይኑረው። ከአባቱ የተማረ ባለሙያ ክፍል ገብቶ ባይማርም በሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ ማረጋገጫ የሚያገኝበት አሠራር አለ። ብዙዎች ይህን አያውቁም። ወረዳ ሄዶ በመጠየቅና ቅጽ በመሙላት መርዳት የእኛ የመምህራን ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ያለውን ድጋፍ እንጠቀምበት። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች ናቸው። ፕሮግራሙ በኋላ ከእርሻና ከከብት ሌላ ከእርሻ ውጭ የሆነ ሥራንና ቅጥርንም እንደ መተዳደሪያ መንገድ ተቀብሏል። የሴፍቲኔቱ እህል የሥልጠናው ጊዜ ስንቅ ቢሆን ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

አራተኛ፣ ወለድን ፈርቶ ብድር የሚሸሽ ባለሙያ አይረሳ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሚሠሩ ባንኮች በአገራችን አሉ። ባንክ ማሽኑን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል። አንድ ሸማኔ ብቻውን ቢሄድ ዋስትና ሊያጣ ይችላል። አምስትና ስድስት ሆነው ቢደራጁ ግን ይበረታሉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

አምስተኛ፣ እህቶች አይቅሩ። የመጀመሪያውን ጉዳት የተቀበሉት ፈታዮቹ ሴቶች ናቸው። የጉድጓድ መሸመኛ የወንድ ነው ተብሎ ቢኖርም በፍሬም መሸመኛ ላይ ሴት እንዳትቀመጥ የሚከለክል ነገር የለም።

በዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር አንሸሽግ። ሥልጠና የወሰደ ሁሉ ሥራ አያገኝም። ስለዚህ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት «ማን ይገዛዋል?» ብለን እንጠይቅ። በአንድ ከተማ ሃያ ልብስ ሰፊ አሠልጥኖ ለአምስት የሚበቃ ገበያ ማካፈል ድህነትን ማደላደል ነው።

ለእኒያ አባት

እኒያን አዛውንት በሌላ የገበያ ቀን አገኘናቸውና ያሰብነውን ነገርናቸው። «አባባ፣ ልጁን ሽመናውን ያስተምሩት፤ እዚያ ላይ ግን እንዳያቆም ያድርጉ። ትምህርቱን ይቀጥል፤ በክረምት ስፌት መኪና ይልመድ» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «መኪናውንስ ማን ይገዛዋል?» አሉ።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ደግሞ በእርሳቸው ዘንድ አይደለም፤ የመስጊዳችን ጀመዓ፣ ነጋዴዎቻችን፣ ከአገር ውጭ ያሉ ልጆቻችንና እኛ መምህራን ዘንድ ነው። በዚህ ዓመት ዘካችን ሲሰበሰብ ቢያንስ አንድ ቤተሰብ መርጠን እንጀራውን፣ መሣሪያውንና ጊዜውን በአንድነት ብንሰጠው ምን ይለናል? በዓመቱ ያ ሰው ሊቀበል ሳይሆን ሊሰጥ ይመጣ ይሆናል፤ ኢንሻአላህ።

አላህ ከተናገሩ በኋላ ከሚሠሩት ያድርገን።