ዕጩዎች በስልክ የሚቀሰቅሱት ስለምንድን ነው?

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

ባለፈው ሰሞን በሻይ ሰዓት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የዛሬ ዕጩ አቧራ መርገጥ ስለ ጠላ በስልክ ድምፅ ይለምናል» ሲል ሰማሁት። እኔ ግን ነገሩ ስንፍና አይመስለኝም። ርካሽነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሌላው መንገድ ሲታጠር የሚገኝ መንገድ ነው። በጥር ወር 2013 ዓ.ም. ለተደረገው የዩጋንዳ ምርጫ፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ታላላቅ የአደባባይ ስብሰባዎች ተከልክለው ዕጩዎች በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት እንዲቀሰቅሱ ተነገራቸው። ዘፋኙ ዕጩ ቦቢ ዋይን ግን አንዳንድ የራዲዮ ጣቢያዎች በር ስለ ዘጉበት በፌስቡክ ለሕዝቡ ይናገር ነበር። (ስልክ የሌለው ገበሬስ በምን ይስማው? ባልደረባዬ ይህን ቢያነሣ ኖሮ መልስ ባጣሁለት ነበር።) ጥር 4 ቀን ፌስቡክ ተዘጋ፤ በማግሥቱ፣ በምርጫው ዋዜማ፣ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ተቋረጠ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ