ከቁም ሣጥኑ ሥር የተገኘው ሸክላ

ባለፈው ፋሲካ ማግስት የእናቴን መኝታ ቤት ስናጸዳ ከቁም ሣጥኑ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን ወጣ። በውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ዘጠኝ ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩ። የአሥር ዓመቷ ልጄ አንዱን አንስታ ገለበጠችው፤ መልሳም ገለበጠችው። «እማዬ፣ ይሄ በምን ይከፈታል?» አለች። እናቴ ሳቀች፤ ከዚያ ሸክላውን ተቀብላ መነጽሯን አደረገችና ዝም አለች። በክቡ ወረቀት ጥግ ላይ አባቴ በሰማያዊ ቀለም ስሙን ጽፎበት ነበር።

ልጥፉ ላይ የዘፋኙ ስም አለ። የዘፈኑ ርእስ አለ። ከላይ «አምሃ ሪከርድስ» ይላል። ያን ምሽት ልጄ የጠየቀችኝን ሌሎች ጥያቄዎች ግን መመለስ አቃተኝ። ጊታሩን የመታው ማነው? ዓመቱ ስንት ነው? አምሃስ ማነው?

ፈቃድ ያልጠበቀው ወጣት

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ሱቅ ነው። አቶ አምሃ እሸቴ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው በአዲስ አበባ «ሐራምቤ» የተባለ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። በሱቁ የውጭ ሸክላ ይሸጣል፤ የአሜሪካው፣ የሕንዱ፣ የጣሊያኑ ሁሉ አለ። በየምሽት ክበቡ ሕዝቡ እየተጋፋ የሚሰማው የራሱ የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ ግን በሸክላ አይገኝም።

ምክንያቱ ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስገባት መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሆኖ ነበር። ማኅበሩ ደግሞ ለወጣቱ ሙዚቃ አልቸኮለም። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራ ልጆች ማታ ማታ ከትልቁ ባንድ ወጥተው በትንንሽ ቡድን በኤሌክትሪክ ጊታርና በኦርጋን ሮክና ሶል ቀመስ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ይህን የሚቀርጽ አልነበረም።

አቶ አምሃ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ፈቃድ ሳይጠብቁ ጀመሩት። የመጀመሪያ ሥራቸው የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነበር፤ በጀርባው «ያ ታራ» አለ። አለማየሁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጡ፣ በፀጉር አበጣጠራቸውና በመድረክ አያያዛቸው «የአቢሲኒያው ኤልቪስ» የተባሉ ድምፃዊ ናቸው። ሀገር ውስጥ ሸክላ የሚታተምበት ማሽን ስላልነበረ ቅጂው ወደ ሕንድ ተልኮ ታተመ። ኋላ ላይ ደግሞ ሥራው ወደ ሊባኖስ ዞረ። ሸክላው አዲስ አበባ ሲደርስ ገበያው ራሱ መለሰለት፤ የከለከለውም ሕግ በተግባር እየላላ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ፊሊፕስ፣ ከዚያም ካይፋ ሪከርድስ በዚያው መንገድ ገቡ።

ስድስት ዓመት

የአምሃ ሪከርድስ ዕድሜ አጭር ነው፤ ከ1969 እስከ 1975። በዚህ ጊዜ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ገደማ ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ስለሚይዝ፣ በትንንሾቹ ብቻ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ዘፈን ማለት ነው። ማሕሙድ አሕመድ፣ ሂሩት በቀለ፣ ሙሉቀን መለሰ አሉበት። የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» በ1974 የወጣው እዚሁ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽቱ ሙዚቃ መተንፈሻ አጣ። አቶ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄዱ። ካሴት ደግሞ ከሸክላ ረክሶና በየቤቱ እየተባዛ ገበያውን ወሰደ። ሸክላው ወደ ጫማ ካርቶን የገባው በዚህ ጊዜ ነው።

የሰበሰበው እንግዳ

በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰሙ። በማግስቱ ዓመት አዲስ አበባ መጡ። ዘፋኞችን፣ አቀናባሪዎችንና አሳታሚዎችን እያፈላለጉ፣ ሸክላ በሸክላ እየቆጠሩ፣ ከአቶ አምሃም ጋር ተስማምተው ሥራዎቹን እንደገና ለማሳተም በቁ። «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በ1997 መውጣት ጀመረ፤ በ2017 ሠላሳኛው ደረሰ። የሙላቱን ሙዚቃ በ2005ቱ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም የሰማው የውጭ ሰው ብዙ ነው።

ይህ የሚያኮራም የሚያስቆጭም ነው። የሚያኮራው ሥራው ዓለምን መድረሱ ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ መዝገቡን የጀመረው ከእኛ ወገን ሰው አለመሆኑ፣ ሸክላው በየቤታችን ቁጭ ብሎ ሳለ።

ስም ለምን ይጻፋል?

«ዘፈኑ ካለ ምን ጎደለ?» የሚል አይጠፋም። የጋሽ ግርማ በየነን ታሪክ ይመልከቱ። በድምፃቸው የወጡት ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዚያ ዘመን የታወቁ ብዙ ዘፈኖችን ያቀናበሩት፣ ፒያኖውንም የተጫወቱት ግን እሳቸው ናቸው። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። ከሙዚቃ ርቀው ለዓመታት ነዳጅ ማደያ ሠሩ። ነዳጁን የሚቀዱለት ሐበሻ በመኪናው የከፈተው ካሴት የእሳቸው ቅንብር ሊሆን ይችል ነበር፤ ካሴቱ ላይ የሚጻፈው ግን የዘፋኙ ስም ነው።

የአቀናባሪው ስም ከየሸክላው ተለቅሞ በዝርዝር ሲወጣ ግን ሰዎች ፈለጓቸው። በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የሠሩት አልበም የኢትዮፒክስ ሠላሳኛው ሆነ። ለዓመታት ዝም ያለ ሰው ወደ መድረክ የተመለሰው አንድ ሰው ስሙን በትክክል ስለጻፈው ነው። የሥራ ባለቤትነትና ክፍያም የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

በእርስዎ ቤትስ?

አቶ አምሃ በሚያዝያ መጨረሻ 2021 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ድምፃዊ አለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት፣ በመስከረም መጀመሪያ ተከተሏቸው። የሚጠየቁት ሰዎች እያነሱ ነው። ስለዚህ ቤትዎ ሸክላ ካለ፣ ከልጆችዎ ጋር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይስጡት።

ሸክላውን በጠርዙ ብቻ ይያዙ፤ የጣት ቅባት መስመሩ ውስጥ ይገባል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትለው ይጥረጉ። የመሐሉን ወረቀት ውኃ አያስነኩት፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሸክላ ተደራርቦ ከተኛ ይጣመማል፤ ስለዚህ እንደ መጽሐፍ ያቁሙት። ፀሐይ ከሚመታው መስኮትም ያርቁት።

ከዚያ ሁለቱንም ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሱ። በአምሃ ሸክላዎች ላይ «ኤ.ኢ.» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ይፈልጉ፤ ሸክላውን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው። ዘፈኑ አልቆ መስመሩ በሚሳሳበት፣ ከወረቀቱ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረ ቁጥር ካለም ይመዝግቡ። የዘፋኙን፣ የአቀናባሪውንና የባንዱን ስም ልጅዎ በደብተር ይገልብጥ። በመጨረሻ የቤቱን ትልቅ ሰው ይጠይቁ። ማን ገዛው? የት? መቼ ይከፈት ነበር?

እኛ ቤት ይህን ያደረግነው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ልጄ ዘጠኙንም በደብተሯ ቁጥር ሰጠቻቸው። እናቴ አባቴ ስሙን ለምን እንደጻፈበት የነገረችን ያን ቀን ነው። ለካ በሠፈር ጭፈራ ሁሉም የራሱን ሸክላ ይዞ ይመጣል፤ ሲበተኑ እንዳይቀያየር ነው ስም የሚጻፍበት። ከዚያ ጭፈራ በአንዱ እናቴን አገኛት።

ይህንንም ልጄ ጻፈችው፤ ከአራተኛው ሸክላ ቁጥር ሥር።