ዳገት የሚወጣው በማርሽ ነው

ሐዋሳ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሆኖም የታቦር ኮረብታ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ የአላሙራ ኮረብታ ደግሞ በደቡብ በኩል ብድግ ብለው ይታያሉ፤ ወደ ሲዳማ ደጋ የሚጓዝ ሰውም ብዙ ሳይርቅ ዳገት ይገጥመዋል። እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ ሣር ለማጨድ ትንሽ ትራክተር ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለዳገት ግን አይበቃም።

በወረቀት ላይ የተጻፈው ጉልበት ሐዋሳ ሲደርስ ይቀንሳል። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ትራክተር እዚህ 21 ያህል፣ ከ2,700 ሜትር በላይ በምትገኘው የሲዳማ ደጋ ከተማ ሐገረ ሰላም ደግሞ 18 ያህል ብቻ ይቀረዋል።

ይህን የቀረውን ጉልበት ዳገቱና ማጨጃው ይሻሙበታል። አንድ ቶን የሚመዝን ትራክተር በ100 ሜትር ርቀት 20 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢወጣ፣ የራሱን ክብደት ለማንሳት ብቻ 3.6 የፈረስ ጉልበት ይፈጃል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 7.2 ይሆናል። ኩንታል ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ሲሮጥ ቶሎ የሚደክመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሸክሙ ያው ሆኖ ሥራው በአጭር ጊዜ ይጠየቃል። ረጅምና ወፍራም ሣር ሲመጣ ማጨጃው የራሱን ድርሻ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ በፍጥነት የባከነው ጉልበት ይናፍቃል።

ታዲያ ነጂው ፍጥነቱን በምን ይቀንስ? ብዙዎች በሦስተኛ ማርሽ ሆነው ነዳጁን ይቀንሳሉ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ከትራክተሩ ጀርባ ወጥቶ ማጨጃውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ፒቲኦ የሚባለው፣ በአብዛኛው በደቂቃ 540 ዙር እንዲዞር የተሠራ ነው። ነዳጁ ሲቀንስ ዘንጉም ይዘገያል፤ ምላጩ ሣሩን መቁረጡ ቀርቶ ይቦጫጭቀዋል፣ ሞተሩም ያጓራል። ትክክለኛው መንገድ ሞተሩን በሙሉ ዙሩ አቆይቶ ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት ነው። ማርሽ ጉልበት አይፈጥርም፤ ፍጥነትን ይቀንስና ጎማውን የሚጠመዝዘውን ኃይል በዚያው ልክ ያበዛል። ያ ኃይል የሚጠቅመው ግን ጎማው መሬቱን ከያዘ ነው፤ በክረምት ሣሩ ሲረጥብ ጎማው ቦታው ላይ ሊሽከረከር ይችላል።

ማርሹ የሚመረጠው ከዳገቱ ግርጌ፣ ጉዞው ሳይጀመር ነው። መሃል ላይ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ ከጎማው ይለያያል፤ ትራክተሩም ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማርሹን ፍሪ አድርጎ መውረድ ሕይወት የሚያስከፍል ልማድ ነው። በብዙ ትንንሽ ትራክተሮች ፍሬን ያለው በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው፤ ሲወርዱ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን የኋላዎቹ ይቀላሉ፣ ፍሬኑም መያዝ ያቅተዋል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ የፊት ጎማዎችም በሞተሩ እንዲነዱ ተደርጎ ሲወረድ ግን ሞተሩ አራቱንም ጎማዎች ያግታል።

መገልበጥን በተመለከተ አቅጣጫ ወሳኝ ነው። በትራክተር ሲታጨድ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ተዳፋቱን ወደ ጎን እያቋረጡ መሄድ አይገባም። አንድ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ቢወጣ፣ በስሌት አስተማማኝ የነበረው ተዳፋት በቅጽበት ይከዳል። ተቀምጠው የሚነዷቸው ማጨጃዎች መመሪያ ብዙ ጊዜ 15 ዲግሪን ወሰን ያደርጋል፤ ይህም በ100 ሜትር 27 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው።

ከኋላው እየተራመዱ የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርም አማራጭ ነው። ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል፣ ሲሚት፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት የአፍሪካ አገሮች ይህን ትራክተር ለአነስተኛ ገበሬዎች ለማስተዋወቅ ሠርቷል። ለጠባብ ማሳ ከትልልቆቹ ይልቅ ይህ የሚስማማ ይመስለኛል።

ትራክተር ልትገዙ ስትሄዱ እንግዲህ በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በሙሉ ዙሩ እያለ፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ጠይቁ። ተቀምጠው ከሚነዷቸው ትራክተሮች መካከል ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚያድነው የብረት ቅስትና የደኅንነት ቀበቶ የሌለውን ደግሞ ዋጋው ቢረክስም ለተዳፋት አትግዙ።