የደቡብ እስያ የቤት ምግብ፣ ጤናማ አመጋገብና የሰውነት ክብደት ቁጥጥር

መግቢያ

በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በባንግላዴሽ፣ በኔፓልና በስሪላንካ የሚኖረው ሕዝብ ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉን ይይዛል። በዚህ ሰፊ አካባቢ የስኳር ሕመምና የልብ ሕመም ዋነኛ የጤና ችግሮች ሆነዋል። በሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት አማካይነት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከአገሪቱ ነዋሪዎች 101 ሚሊዮን ያህሉ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሲሆን ሌሎች 136 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ደግሞ በቅድመ ስኳር ሕመም ደረጃ ላይ ይገኛሉ።

እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው ወደ ሐኪም ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ሩዙንና ቅቤውን ትቶ ሰላጣ እንዲበላ ነው። ምክሩ ለጥቂት ሳምንታት ይከበራል፤ ከዚያም ይተዋል። በደቡብ እስያ ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመላው ቤተሰብ በመሆኑ፣ ከጋራ ማዕድ የሚለይ የአመጋገብ ትእዛዝ ዘላቂነት አይኖረውም። ሆኖም የአካባቢው ባህላዊ ምግብ በራሱ ለጤና ጠንቅ አይደለም። ጠንቁ የእህሉ መጠን ከጥራጥሬውና ከአትክልቱ እጅግ መብለጡ፣ ዘይቱ ሳይለካ መጨመሩና ስኳሩ በሻይ ውስጥ ተደብቆ መግባቱ ነው። እነዚህን ሦስቱን ማረም የሚቻለው ደግሞ ምግቡን በመተው ሳይሆን በዚያው ድስትና በዚያው ሳህን ላይ ነው።

ቀጭን መስሎ መታየት ዋስትና አይሆንም

እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት የሕክምና ተመራማሪዎች፣ ሕንዳዊው ያጅኒክና እንግሊዛዊው ዩድኪን፣ የራሳቸውን ሰውነት በመለካት አንድ አስገራሚ ውጤት አሳትመው ነበር። ክብደት በቁመት ካሬ ተካፍሎ የሚገኘው ምጣኔ፣ ማለትም ቢ ኤም አይ፣ በሁለቱም ዘንድ እኩል 22.3 ነበር። ነገር ግን የእንግሊዛዊው ሰውነት ስብ 9.1 በመቶ ብቻ ሲሆን የሕንዳዊው 21.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በርካታ ጥናቶችም እንዳረጋገጡት፣ በተመሳሳይ ክብደት ላይ የደቡብ እስያ ተወላጆች ጡንቻቸው አነስ፣ በሆድ ዕቃቸው ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ደግሞ በዛ ያለ ነው። ይህ ስብ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማል፤ በዚህም ምክንያት የስኳር ሕመም በለጋ ዕድሜና ብዙም ባልገዘፈ ሰውነት ላይ ይከሰታል።

ስለዚህ ለሌሎች ሕዝቦች የተለመደው የ25 ወሰን ለእነዚህ ሰዎች የዘገየ ማስጠንቀቂያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለእስያ ሕዝቦች ጥንቃቄው ከ23 እንዲጀመር ሐሳብ አቅርቧል። የወገብ ዙሪያም ለወንዶች ከ90፣ ለሴቶች ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ቢሆን ይመረጣል። ልኬቱ የሚወሰደው ከመጨረሻው የጎን አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት በላይ ባለው መካከለኛ ቦታ ላይ፣ ሰውየው ቆሞና አየር በዝግታ አስወጥቶ ሳለ ነው።

የሳህኑ ሚዛን

የአካባቢው የዕለት ምግብ በአመዛኙ አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም እህል፣ ማለትም ሩዝ ወይም ቻፓቲ የሚባለው የስንዴ ቂጣ፤ ዳል የሚባለው የጥራጥሬ ወጥ፤ የአትክልት ወጥ፤ እንዲሁም እርጎ ናቸው። ጥምረቱ በሥነ ምግብ ረገድ የሚመሰገን ነው። በእህሉ ፕሮቲን ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ጥራጥሬው ያሟላል፤ በጥራጥሬው የሚያንሰውን ሜቲዮኒን ደግሞ እህሉ ይተካል።

ችግሩ ከመጠኑ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የዚሁ አገር አቀፍ ጥናት ክፍል እንደሚያሳየው፣ ሕንዳውያን ከምግብ ከሚያገኙት ኃይል 62 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት የሚመጣ ሲሆን፣ አብዛኛው የተፈተገ ሩዝ፣ የተፈጨ ስንዴና ስኳር ነው። በብዙ ቤት ሳህኑን የሚሞላው ሩዝ ነው፤ ዳሉ ቀጥኖ ማባያ ብቻ ይሆናል፤ አትክልቱም ከጥቂት ማንኪያ አያልፍም። ሃይደራባድ የሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ምግብ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው በቀን 250 ግራም ያልበሰለ እህል፣ 85 ግራም ጥራጥሬ ወይም ሥጋና እንቁላል፣ 400 ግራም አትክልት፣ 300 ሚሊ ሊትር ወተት ወይም እርጎ ይመክራል። ከእህል የሚገኘው ኃይልም ከ45 በመቶ እንዳያልፍ ያሳስባል።

ይህን ያለ ሚዛን ለመተግበር ሳህኑን በዓይን መክፈል ይበቃል፦ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ወፈር ያለ ዳል ወይም ሽምብራ ወይም ዓሣ፣ ቀሪው ሩብ እህል። የቤንጋል ቤተሰብ ሩዙንና ዓሣውን፣ የፑንጃብ ቤተሰብ ቂጣውንና ሽምብራውን፣ የደቡብ ሕንድ ቤተሰብ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ ቦክቶ የሚጋገረውን ዶሳ እንደያዘ መጠኑን ብቻ ያስተካክላል።

ብዙዎች ነጭ ሩዝን በስንዴ ወይም በዳጉሳ መለወጥ ብቻውን መፍትሔ ይመስላቸዋል። ዳጉሳ በአሠርና በካልሲየም የበለጸገ መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን ከላይ የተጠቀሰው የ2025 ጥናት እንዳመለከተው፣ የካርቦሃይድሬቱ ጠቅላላ መጠን ካልቀነሰ ሩዙን በስንዴ ወይም በዳጉሳ ዱቄት መተካት ብቻውን ለስኳር ሕመም ያለውን ተጋላጭነት ከመቀነስ ጋር አልተያያዘም። ከካርቦሃይድሬቱ ጥቂቱን በጥራጥሬ ወይም በወተት ተዋጽኦ ፕሮቲን መተካት ግን ከዝቅተኛ ተጋላጭነት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ዘይት፣ ቅቤና ጨው

የአካባቢው ወጥ ጣዕሙን የሚያገኘው ከሙን፣ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሌሎች ቅመሞች በጋለ ዘይት ወይም ጊ በሚባለው ንጥር ቅቤ ውስጥ ቁልት ብለው ሲጨመሩበት ነው። ቅመሙ መዓዛውን ለመልቀቅ ብዙ ዘይት አያስፈልገውም፤ ለአራት ሰው ድስት አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ ከጠርሙሱ በቀጥታ ማንቆርቆር ሳይታወቅ ክብደት የሚጨምር ልማድ ነው።

አንድ ቤተሰብ የዘይት ፍጆታውን የሚያውቅበት ቀላል ዘዴ አለ። አራት አባላት ያሉት ቤት በወር 5 ሊትር ዘይት የሚጨርስ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 38 ግራም ያህል ይደርሰዋል። ይህም ወደ 345 ኪሎ ካሎሪ ነው። መመሪያው የሚፈቅደው ግን 27 ግራም ነው። ንጥር ቅቤ አብዛኛው ስቡ የረጋው ዓይነት ስለሆነ በሻይ ማንኪያ እየተለካ ለጣዕም ብቻ ቢጨመር ይሻላል። ቫናስፓቲ በመባል የሚታወቀው በፋብሪካ እንዲረጋ የተደረገ የአትክልት ቅባት ለረጅም ጊዜ ዋነኛ የትራንስ ስብ ምንጭ ነበር፤ ሕንድ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 ጀምሮ በዘይትና በቅባት ውስጥ ያለው ትራንስ ስብ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስናለች። አቻር የሚባለው የቅመም ጪንጫ ዓይነት ማጣፈጫና ፓፓድ የሚባለው ስስ ቂጣ ደግሞ ጨው ስለሚበዛባቸው የደም ግፊት ያለበት ሰው ሊቀንሳቸው ይገባል።

ስኳርና የጾም ምግብ

በወተት የሚፈላው ሻይ በቀን ብዙ ጊዜ ይጠጣል። በእያንዳንዱ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምርና በቀን አራት ስኒ የሚጠጣ ሰው ከስኳሩ ብቻ ወደ 130 ኪሎ ካሎሪ ያገኛል። ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ የሚዘጋጀው ጥቁር ስኳርም ቢሆን በደም ውስጥ ከነጩ የተለየ ጠባይ የለውም። በጾም ቀን እህል ተትቶ የተጠበሰ ድንች ወይም በዘይት የታሸ የካሳቫ እንክብል የሚበላ ከሆነ፣ ጾሙ ክብደት ከመቀነስ ይልቅ ሊጨምር ይችላል።

ከዕለት ማዕድ በነፍስ ወከፍ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የአራት ስኒ ሻይ ስኳርና አንድ ቻፓቲ ቢቀነስ ድምሩ ወደ 470 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። ይህም በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት እስከ ግማሽ ኪሎ ሊያስቀንስ የሚችል መጠን ነው። ከማዕዱ የተሰረዘ አንድም የምግብ ዓይነት እንደሌለ ልብ ይሏል።

የሕንዱ የመከላከል ጥናት

በሕንድ በቅድመ ስኳር ሕመም ደረጃ ላይ በነበሩ 531 ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት ለዚህ አቀራረብ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ተሳታፊዎቹ የተፈተገ እህልን፣ ቅባትንና ስኳርን እንዲቀንሱ፣ አሠር ያለውን ምግብ እንዲያዘወትሩና በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲራመዱ ተመከሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ምክር ካላገኙት 55 በመቶው፣ ምክሩን ካገኙት ደግሞ 39.3 በመቶው በስኳር ሕመም ተያዙ። ከዚህም በላይ፣ ምክሩን ያገኙት ሰዎች አማካይ ክብደት ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀነሰም ነበር። እንግዲህ ሚዛኑ ዝቅ አላለም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ የአመጋገቡ ለውጥ ሰውነትን የሚጠቅመው ክብደት ከመቀነሱም በፊት ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሰዎች

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው እህሉን በድንገት ቢቀንስ ወይም ቢጾም የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የጥራጥሬውን መጠን በባለሙያ ምክር ሊወስን ይገባል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ክብደት ለመቀነስ መነሣት የለባትም።

ማጠቃለያ

ከደቡብ እስያ ተወላጆች ጋር በሥራ የሚገናኝ ኢትዮጵያዊ የጤና ባለሙያ ማዕዳቸው እንግዳ አይሆንበትም። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ አብሹ፣ እርዱና ንጥር ቅቤው በራሱም ቤት አሉ፤ ዳጉሳም ወደ ሕንድ የተሻገረው ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ምክር ከመስጠቱ በፊት ቤት ውስጥ ምግቡን የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ ዘይት በወር ምን ያህል እንደሚገዛ፣ ሻይ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠጣ ቢጠይቅና የምግቡን አብሳይ ከሕመምተኛው ጋር ቢያነጋግር፣ ምክሩ በቤተሰቡ ማዕድ ላይ የመቆየት ዕድሉ ከፍ ይላል። ወገብንም በየሦስት ወሩ መለካት ለውጡን ለመከታተል ይረዳል።