ሆት ሮድ (መጫወቻ)

ሆት ሮድ ከሮቦት ወደ መኪና፣ ከመኪናም ተመልሶ ወደ ሮቦት የሚለወጥ የ«ትራንስፎርመርስ» መጫወቻ ነው። የአሜሪካው ሀዝብሮ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በወጣው የካርቱን ፊልም የዋናውን ጀግና ሥልጣን የሚወርስ ገጸ ባሕርይ ነው። በዚህ ታሪኩ ምክንያት ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ይፈልጉታል።

ስያሜው

በአሜሪካ «ሆት ሮድ» የሚባለው፣ ባለቤቱ ሞተሩን አጎልብቶ፣ ክብደቱን ቀንሶና ቀለሙን ለውጦ ለፍጥነት ያዘጋጀው አሮጌ መኪና ነው። ልማዱ በ1930ዎቹ በካሊፎርኒያ ተስፋፋ። በ1932 የወጣው ፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ስለነበረው ለዚህ ሥራ በጣም ተፈላጊ ነበር። ከኮፈኑ በላይ ወጥቶ የሚታይ ሞተርና በመኪናው ፊት ላይ የተሳለ የእሳት ነበልባል የእነዚህ መኪናዎች መለያ ሆነዋል።

አመጣጡ

ሀዝብሮ በ1984 ትራንስፎርመርስን ሲጀምር አብዛኞቹን መጫወቻዎች ያገኘው ከጃፓኑ ታካራ ኩባንያ ነው። ታካራ «ዳያክሎን» እና «ማይክሮ ቼንጅ» በሚሉ ስሞች ይሸጣቸው ነበር። የማርቭል የሥዕላዊ መጽሔት ኩባንያ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሮቦት ስምና ጠባይ ሰጠ። ከመጀመሪያዎቹ ሮቦቶች ብዙዎቹ በመንገድ ላይ የሚታዩ መኪናዎችን የሚመስሉ ነበሩ፤ ለምሳሌ ባምብልቢ በአዲስ አበባ «ቮልስ» ተብላ የምትታወቀውን ቮልስዋገን ይመስላል። ሆት ሮድ ግን የወጣው ከፊልሙ ጋር አብሮ ነው። ታሪኩ በ2005 ይፈጸማል ተብሎ ስለታሰበ መኪናውም በገሃዱ ዓለም የሌለ፣ በምናብ የተነደፈ የወደፊት ዘመን መኪና ነው።

ቅርጹ

መኪናው ቀይ ሆኖ በኮፈኑ ላይ የነበልባል ሥዕል፣ ከኋላው ደግሞ ቢጫ ክንፍ አለው። ወደ ሮቦት ሲለወጥ ነበልባል ያለበት ኮፈን ደረት ይሆናል፤ ክንፉ ከጀርባው ይቆማል። ከመጫወቻው ጋር ሁለት ትናንሽ ጠመንጃዎች ይሸጡ ነበር።

በፊልሙ ውስጥ

«ዘ ትራንስፎርመርስ፦ ዘ ሙቪ» በአሜሪካ መታየት የጀመረው ኦገስት 8 ቀን 1986 (ነሐሴ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.) ነው። በፊልሙ የአውቶቦቶች መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም ከሜጋትሮን ጋር ሲዋጋ ወጣቱ ሆት ሮድ ሊረዳው ጣልቃ ይገባል። ሜጋትሮን ሆት ሮድን ይዞ ጋሻ ሲያደርገው ኦፕቲመስ መተኮስ ያቅተውና ክፉኛ ይቆስላል፤ በኋላም ይሞታል። በፍጻሜው ሆት ሮድ የመሪነት ምልክት የሆነውን «ማትሪክስ» ከፍቶ ሮዲመስ ፕራይም ይባላል።

የኦፕቲመስ ሞት ከታሪኩ ይልቅ ከንግድ የመነጨ ነበር፤ ኩባንያው የቀድሞዎቹን መጫወቻዎች በአዲሶች ሊተካ ፈልጎ ነበር። ልጆች ግን በሲኒማ አዳራሽ አለቀሱ፤ የተቃውሞ ደብዳቤዎችም ጎረፉ። ኦፕቲመስ በ1987 በቴሌቪዥኑ ተከታታይ ውስጥ ከሞት እንዲመለስ ተደረገ። ከዚያው ኩባንያ በሌላው የጂ.አይ. ጆ ፊልምም ዱክ የተባለው ጀግና እንዳይሞት ታሪኩ ተቀየረ። ለኩባንያው የሚተካ ዕቃ የነበረው መጫወቻ ለልጁ የማይተካ ወዳጅ እንደነበር በዚህ ታየ። ሆት ሮድ በበኩሉ «ለኦፕቲመስ ሞት ምክንያት» የሚል ወቀሳ ለረጅም ጊዜ ተከትሎታል።

በሰብሳቢዎች ዘንድ

በ1986 ሆት ሮድና ሮዲመስ ፕራይም የተሸጡት እንደ ሁለት የተለያዩ መጫወቻዎች ነው። ሁለቱን መልኮች በአንድ አካል ያጣመረው፣ ታካራ ቶሚ በ2011 ለሰብሳቢዎች ባዘጋጀው «ማስተርፒስ» በተሰኘው ተከታታይ ያወጣው ሞዴል ነው። ገጸ ባሕርዩ በ2017 በወጣው «ዘ ላስት ናይት» ፊልም ላምቦርጊኒ ሆኖ ቀርቧል።

የ1986ቱ መጫወቻ ዋጋ በይዞታው ይወሰናል። ሰብሳቢዎች ካርቶኑና መመሪያ ወረቀቱ መኖራቸውን፣ ጠመንጃዎቹ አለመጥፋታቸውን፣ ተለጣፊ ሥዕሎቹ አለመላጣቸውንና መገጣጠሚያዎቹ አለመላላታቸውን ያያሉ። ጥንታዊው ቅርጽ በኋላ ዘመን እንደገና ስለተመረተ የመጀመሪያውን ከኋለኛው መለየትም ያስፈልጋል። ብዙ የተጫወቱበት ዕቃ ስለሚበላሽና ክፍሎቹ ስለሚጠፉ፣ ውድ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ልጆች ብዙም ያልነኩት ነው።