አማካይ ጀሪካን አይሞላም

ሐረር በውሃ ጥም መነጋገሪያ ከሆነች ብዙ ዓመት አለፋት። ከተማዋን ለአሥርት ዓመታት ያጠጣት የሐሮማያ ሐይቅ በመስኖ፣ በደለልና በፓምፕ ተመናምኖ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከዚያ በኋላ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር በድሬዳዋ አቅራቢያ ካሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች መስመር ተዘረጋ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ግን 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ውሃው የሚመጣው ሽቅብ ተገፍቶ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፈረቃው ይዛባል፤ አቅም ያለው ቦቴ ይጠራል፣ የሌለው ጀሪካን ተሸክሞ ይወጣል።

«ውሃው በስንት ቀን ይደርሳል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አማካይ ነው። እኔ የምጠረጥረውም ይህንኑ መልስ ነው። እስቲ ሁለት ሰፈር እናስብ (ቁጥሩ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት የፈጠርኩት ነው)። በእያንዳንዱ 11 ቤት አለ። በመጀመሪያው ሰፈር ውሃ የሚጠበቅበት ቀን 4፣ 5፣ 5፣ 5፣ 6፣ 6፣ 6፣ 7፣ 7፣ 7፣ 8 ነው። በሁለተኛው 1፣ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 7፣ 10፣ 30። የሁለቱም አማካይ 6 ቀን ነው። ሪፖርት ላይ አንድ ናቸው።

አሁን ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል እንደተደረደሩ አራት ቦታ እንክፈላቸው። መሐል ላይ የሚውለው ቁጥር በመጀመሪያው ሰፈር 6፣ በሁለተኛው 3 ነው። የታችኛው ሩብ መለያ 5 እና 1 ሲሆን የላይኛው በሁለቱም 7 ነው። ከታችኛው እስከ ላይኛው መለያ ሳጥን ሥለን፣ መሐሉን በመስመር ቆርጠን፣ ግራና ቀኝ ክንድ ስንቀጥልለት የሳጥን ግራፍ ይሆናል። የመጀመሪያው ሳጥን ጠባብ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ብዙ አይለይም። ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ ግማሹ ቤት ከ3 ቀን በላይ ሳይጠብቅ አንዱ ወር ሙሉ ይጠብቃል።

ይህን አሣሣል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆን ቱኪ ነው። በእሱ ደንብ ከሳጥኑ ስፋት በአንድ ተኩል እጥፍ ርቆ የወጣ ቁጥር ለብቻው ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል። በምሳሌያችን የሁለተኛው ሰፈር ሳጥን ስፋት 6 ነው፤ ድንበሩ 16 ላይ ያርፋል፤ 30 ከውጭ ይቀራል። ቱኪ ነጥቡን እንድናየው ለየው እንጂ እንድንሰርዘው አይደለም። የላብራቶሪ መሣሪያ ሲሳሳት እንዲህ ያለ ነጥብ ይጣል ይሆናል፤ በውሃ ጉዳይ ግን ነጥቡ ሕፃናት ያሉበት ቤት ነው። ምናልባት ኮረብታ ላይ ነው፣ ምናልባት የቧንቧው ጫፍ ላይ።

ጉዳዩ ከክልሉ ገጠር ወረዳዎች አንዱን፣ ድሬ ጠያራን፣ ለይቶ ይመለከታል። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 183,415 ሲሆን ከተሜው 99,368 ነበር። ቀሪው በድሬ ጠያራ፣ በሶፊና በኤረር ገጠር የሚኖር ነው። የአሮጌውን ከተማ የጁገልን ቧንቧና የድሬ ጠያራን ገበሬ በአንድ ክልላዊ አማካይ ማዋሃድ ሁለቱንም መደበቅ ነው፤ ለየብቻቸው ሳጥን ይገባቸዋል፣ ጎን ለጎን።

የክልሉ የውሃ መሥሪያ ቤት የፈረቃ ሰሌዳ ሲያወጣ ለየቀበሌው አምስት ቁጥር አብሮ ይለጥፍ፦ ትንሹን፣ የታችኛውን ሩብ፣ መሐሉን፣ የላይኛውን ሩብና ትልቁን። ወጪው አንድ ወረቀት ነው።